ላልቶ የተነበበው ማስታወቂያ

ልብስ ሰፊው ልኬት፣ ታድሶ ባማረው አሮጌ ፎቅ ቤት ውስጥ፣ ከአራት ሴቶች የወለዳቸውን አሥራ ዘጠኝ ልጆች ደብቆ ያሳድጋል ይባላል። ከልጆቹ ሁለቱ ጭንቅላት የላቸውም። ሰውዬው ሦስት መኪና አለው፤ ሦስቱንም የሚያቆመው ሳሎን ውስጥ ነው። አከራይዋ ወይዘሮ ይህን ሁሉ ባወቁ ዕለት ከላይኛው ፎቅ ጀምረው በደረጃው እየተንከባለሉ ምድር ቤት ደርሰዋል፤ ልኬትም በዚያው ቀን ከነልጆቹ፣ ከነመኪኖቹ ሜዳ ላይ ተጥሏል።

ወሬው ይኸው ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ካፌ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ሲነሳ ልጆቹ ሰባት ነበሩ። አስተናጋጁ ሻይ ይዞ ጥጉ ጋ እስኪደርስ አሥራ ዘጠኝ ሞሉ። ሒሳብ እስኪመጣ ብንቆይ ኖሮ ክፍለ ጦር ይሆኑ ነበር።

ጭንቅላት የሌላቸውን ልጆች ችዬ ዋጥኳቸው፤ በዚህ ዘመን ምን የማይታይ ነገር አለ? ያነቀኝ መኪኖቹ ላይ ስደርስ ነው። ያን ቤት ከውጭ ብቻ ያየ ሰው እንኳ ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ወፍራም ሰዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ አንዱ ለመተንፈስ ሌላውን ማስፈቀድ እንዳለበት አይጠፋውም። ግራና ቀኙ ከጎረቤቶቹ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ፣ እንደ ክራቫት ቀጭንና ረጅም ቤት ነው። ምድር ቤት፣ በላዩ አንድ ፎቅ፣ በሱ ላይ ሌላ ፎቅ፤ ሦስቱን የሚያገናኛቸው ጠመዝማዛ የእንጨት ደረጃ ነው።

ቤቱ የአንዲት ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህርት ነው። አያታቸው ያሠሩት፣ እሳቸውም ከብዙ ወንድሞችና እህቶች ጋር ያደጉበት ቤት ነው። በልጅነታቸው በዚያ ደረጃ ላይ ተጋፍቶ ያልወደቀ፣ ወድቆም ያልተሳቀበት ልጅ አልነበረም። ከዚያ አንዱ አገባ፣ አንዱ አገር ለቀቀ፣ አንዱ ሞተ። ቤቱም ብቻውን ቀርቶ ማዘንበል ጀመረ። መምህርቷ ያላቸውን ሁሉ አፍስሰው አሳደሱት። ግድግዳው እንደ ጥንቱ በኖራ ተለሰነ፤ የመስኮቶቹ እንጨት ተፍቆ ከሰባት ዓይነት ቀለም በታች የመጀመሪያው አረንጓዴ ተገኘ፤ የደረጃው መወጣጫዎች አንድ በአንድ እየተነቀሉ፣ የበሰበሰው እየተለወጠ፣ ተመልሰው ገቡ። ሥራው ሲያልቅ ግንበኛው አንድ ነገር አስጠነቀቃቸው።

«መምህርት፣ ይኼ ኖራ ሰው ይፈልጋል። የተዘጋ ክፍል ካለ ይሻግታል። መስኮት የሚከፍት፣ ደረጃ የሚረግጥ ካልገባበት የለፋነው ሁሉ ገደል ገባ።»

መምህርቷ በዚያው ሰሞን ዓይናቸውን ታክመው እህታቸው ቤት መጋረጃ ዘግተው ተኝተው ነበርና፣ ማከራየቱን ለአንድ ደላላ በውክልና ሰጡት። እሱም በካርቶን ላይ ማስታወቂያ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ። የደላላ ነገር፣ ቦታ ሳይለካ በትልልቁ ጀመረና ካርቶኑ ጠበበው። የመጀመሪያው መስመር «የሚከራየው ለሰፊ» ብሎ አለቀ። «ቤተሰብ ብቻ ነው» የሚለው እንደ ጉንዳን ደቅቆ ከታች ገባ።

እንግዲህ በዚያ በር ልኬት አለፈ።

ልኬት ስሙ አይደለም፤ ግን ስሙን የሚያውቅ ሰው ካለ መታወቂያውን ያየ ፖሊስ ነው። ሰላም ሲልህ እጅህን ሳይሆን ትከሻህን ነው የሚያየው። «ደህና ነህ?» ከማለቱ በፊት «ወገብህ ጨምሯል» ይልሃል። ለቅሶ ቤት ሄዶ ከሟቹ ልጅ ጋር ተቃቅፎ እያለቀሰ፣ የልጁ ኮት ከኋላ እንደሚጨማደድ አውቆ ወጥቷል ይባላል፤ ይኼኛውን አምናለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ በሰው ሱቅ ቁልፍ ሲሰፋ አድጎ፣ የራሱን ሱቅ ከፈተ፤ በዚያ ከተማ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ የሱን ዩኒፎርም ሳይለብስ አልቀረም። ሚስቱም ሰፊ ናት። እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትዘመዝማለች፤ እሱ ያጠብባል፣ እሷ ታሰፋለች።

ሱቁ መንገድ ሲሰፋ ፈረሰ። ሦስቱን የስፌት መኪና ተሸክመው ወደሚኖሩበት ክፍል አስገቧቸው፤ ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት የሚተኙት ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነበር። የዚያ ክፍል አከራይ ደግሞ የመኪናው ድምፅ ራሴን ፈለጠኝ ብሎ እንዲለቁ ነግሯቸዋል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ተቃርቦ፣ የመንደሩ እናቶች ጨርቁን ሰጥተው፣ መስፊያ ቦታ የሌለው ሰፊ ማለት ልኬት ነበር።

ማስታወቂያውን ሲያይ ቆመ። ዕድሜውን በሙሉ «ልብስ ሰፊ» ከሚል ሰሌዳ ሥር የኖረ ሰው ነው፤ ያንን ቃል የትም ቢያየው የሚያየው ራሱን ነው። ለሰፊ! በትልልቁ! ቀና ብሎ የምድር ቤቱን ሰፋ ያለ መስኮት፣ የሚገባውን ብርሃን አየና፣ የጥንት ባለቤቶቹ ሰፊ ቢሆኑ ነው ብሎ ደመደመ። እዚያው ቆሞ ለደላላው የስልክ መልእክት ጻፈ።

«ማስታወቂያውን አየሁ። እኔ ሰፊ ነኝ። ሚስቴም ሰፊ ናት። እኛ ቤት ሰፊ ያልሆነ የለም።»

ደላላው ወዲያው መለሰ። «እንዲህ ዓይነት ነው የሚፈልጉት።»

በቃል ቢነጋገሩ ኖሮ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን ዘንድሮ ሰው አፍ ያለው ለመብላት ነው፤ የሚያወራው በጣቱ ነው። ውሉ ተፈረመ። ደላላው ቁልፉን ሲሰጠው ልኬት በልማድ ገልበጥ አድርጎ ስንት ቀዳዳ እንዳለው አየ።

ገቡ። መኪኖቹ ምድር ቤት ከመስኮቱ ሥር ተደረደሩ። ልብስ የሚለኩባቸው ሁለቱ የሕፃን ቁመት ያላቸው አሻንጉሊቶች፣ ከአንገት በላይ የሌላቸው፣ የመጀመሪያው ፎቅ መስኮት አጠገብ ቆሙ። በኋላ ሲታጠብ እንዳይኮማተር አስቀድሞ የተነከረው ዩኒፎርም በዚያው ፎቅ ሰገነት ላይ ተሰጣ፤ ትናንሽ ሱሪዎች፣ ትናንሽ ሸሚዞች፣ ከዳር እስከ ዳር። ላይኛውን ፎቅ አልነኩትም። ለሁለት ሰው ምን ያደርጋል? ዘግተውት ተዉት።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ልኬት እየቆረጠ ነበርና ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የቤቱ ባለቤት ነኝ።»

«አቤት መምህርት! ዓይንዎን ተሻለዎ?»

«ምን መሻል ብቻ፣ በራልኝ እንጂ! ትናንት በታክሲ ሳልፍ ሰገነቱን አየሁት። ያ ሁሉ የልጅ ልብስ! ሾፌሩን አስቁሜ ነው ያየሁት፣ ሰውዬው ሊደበድበኝ። ሁሉም የእርስዎ ናቸው?»

«አዎ፣ ሁሉም የኔ ናቸው» አለ ልኬት በኩራት።

«እሰይ! ያሳድግልዎ! እኔ እኮ ደላላውን ሰፊ ቤተሰብ ካልሆነ አላከራይም ብዬው ነበር።»

መምህርቷ «ፊ»ን አጥብቀው ነው ያሉት። አንድ ፊደል ነች፤ ጠበቅ ያደረጓት ትንሽ ነች። የልኬት መቀስ ግን ጨርቁ መሀል ቆመ። ያ ካርቶን በዓይነ ሕሊናው ተመልሶ መጣ፤ «ለሰፊ»፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ጉንዳን የደቀቀው «ቤተሰብ ብቻ ነው»።

«ልጆቹስ? ቤቱን ወደዱት?» አሉ መምህርቷ።

እዚህ ላይ ሰው «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት ይችላል። ልኬት ቀና ሲል ያያቸው ግን መኪኖቹን፣ የመስኮቱን ብርሃን፣ ተቆርጦ የተቆለለውን የልጆች ዩኒፎርም ነው።

«አዎ» አለ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ ሁሉንም አያቸዋለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሚስቱ ካውያውን ከጨርቁ ላይ አንስታ ይዛው ቆማ ነበር።

«የትኞቹ ልጆች ናቸው ቤቱን የወደዱት?» አለችው።

እነ ልኬት ልጅ የላቸውም። ብዙ ዓመት ሐኪም ቤት ተመላልሰዋል፣ ብዙ ሰው ብዙ ነገር መክሯቸዋል። ከዚያ አንድ ቀን ሁለቱም ሳይነጋገሩ መሄዱን አቆሙ፣ ስለሱ ማውራቱንም አቆሙ። የሰው ልጅ እየለኩ፣ ለሰው ልጅ እየሰፉ ኖሩ። እሷ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ የሕፃናቱን ትከሻ በመዳፏ ስታስተካክል ምን እንደምታስብ ልኬት ጠይቋት አያውቅም።

«ምን ልበላቸው? ውጡ ቢሉንስ? ከነዚህ መኪኖች ጋር የት ነው የምንገባው? ማንስ ነው አሁን…»

«ሰውዬ፣ እኔ ስለ መኪና አልጠየቅኩህም።»

ካውያውን አስቀመጠችና ወደ ሥራዋ ዞረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት የሚናገሩት መኪኖቹ ብቻ ነበሩ። ልኬት ለአንዲት ተማሪ ሦስት እጅጌ ያለው ሸሚዝ ሰፋላት። የሱሪ ኪስ ጉልበት ላይ ገጠመ። ዓርብ ዕለት መኪናውን ሲዘይት ቆየና፣ ቀና ሳይል፣ «ነገ ቅዳሜ ልኬት የሚለካው ሕዝብ ነው የሚመጣው። ቤቱ ልጅ በልጅ ይሆናል። ምንም ማለት አይጠበቅብንም፤ ሴትዮዋ አይተው ይሄዳሉ» አለ።

«እኔ ምንም አልልም» አለች ሚስቱ። «ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም። ቤቱ ቢቀር ይቅር።»

ቅዳሜ ጠዋት ልጅ በልጅ ሆነ። እናቶቹ ምድር ቤቱን ሞልተው፣ ሞልቶ የፈሰሰው ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ ከደረጃው የተረፈው ሰገነት ላይ ይጯጯኻል። ልኬት ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ የአንዱን ወገብ ይለካል፣ በሩን ያያል፤ ክንድ ይለካል፣ በሩን ያያል።

«ጋሽ ልኬት፣ ልጄን የሚያለብሱት በሩን ነው እንዴ?» አለች አንዲት እናት።

መምህርቷ በዚህ መሀል ገቡ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ጥላቸውን እንደ ማስመሪያ የያዙ ሴት ናቸው። ሕዝቡን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ። እናቶቹ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ አዝማድ መሰሏቸውና ሁሉንም ሳሙ፤ እናቶቹም አሮጊት ስትስም ዝም ነውና ተሳሙ። ከዚያ ደረጃው ላይ ወዳሉት ልጆች ሄዱ።

«አንተ ጎረምሳ፣ ስንተኛ ነህ?»

«ሦስተኛ» አለ ልጁ።

«አንቺስ የኔ ቆንጆ?»

«እኔም ሦስተኛ።»

«ውይ፣ መንታ ናችሁ? ያኛውስ?»

«ሦስተኛ!» አለ ያኛው። አራተኛው ከሰገነት አንገቱን አስግጎ «እኔም ሦስተኛ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

መምህርቷ የደረጃውን መደገፊያ ያዙ። «አራት በአንዴ?»

«እሱ ግን ደግሞ ነው» አለች ልጅቷ እያሳበቀች። «አምናም ሦስተኛ ነበር።»

ልኬት የያዘው ሜትር ከእጁ ወደቀ። መምህርቷ ቀስ ብለው ተንፍሰው፣ አስተማሪ ፈተና ላይ ኩረጃ ሲጠረጥር በሚያወጣው ለስላሳ ድምፅ ጠየቁ።

«አባታችሁ የታል?»

«የኔ ሾፌር ነው፣ ሥራ ሄዷል።»

«የኔ ዘበኛ ነው።»

«የኔ እንቅልፍ ላይ ነው» አለ የደገመው።

መምህርቷ ዞረው የልኬትን ሚስት አዩዋት። እሷ ተንበርክካ የአንዲት ሕፃን ቀሚስ ጠርዝ እያያዘች ነበር፤ በከንፈሯ ስፒሎች ነክሳለች።

«የኔ ልጅ» አሉ መምህርቷ፣ «ያንቺ የትኞቹ ናቸው?»

ሚስትየው አንዱን ስፒል ከከንፈሯ አውጥታ እጅጌዋ ላይ ሰካች። ከዚያ ሌላውን። ልኬት አንዴ እሷን አንዴ በሩን ያያል። የመጨረሻውን ስፒል ሰካችና ተነሳች።

«አንዳቸውም የኔ አይደሉም መምህርት። እኔ አልወለድኩም። የኛ የሆነው ልብሱ ነው።»

መምህርቷ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ወደየጉያቸው ሳቡ። መምህርቷ ሲናገሩ፣ በስልክ ሲያናግሩበት የነበረው «እርስዎ» ቀርቶ ነበር።

«ና እስኪ ወዲህ። ሰፊ ቤተሰብ ነን ብለህ አልጻፍክም?»

«ሰፊ ነን ነው ያልኩት።»

«በል ድገመው።»

«ሰፊ።»

«አላላኸው!»

«እንዴት አድርጌ ላጥብቀው መምህርት? ሥራዬ እኮ ነው።»

ከእናቶቹ አንዷ ሳቋን ልትይዝ ስትል በአፍንጫዋ አመለጣት። መምህርቷ አልሳቁም።

«ልጅ ሁሉ 'ገና'ን አላልቶ ሲያነብብኝ እያረምኩ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ይሁን፣ ማስታወቂያውን ተሳሳትክ እንበል። ልጆቹ ቤቱን ወደዱት ወይ ስልህ 'አዎ' አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«እሱም ይላላል?»

ልኬት አንገቱን ደፋ። «እሱ ውሸት ነው መምህርት።»

«ላይኛውን ፎቅ አሳየኝ» ብለው ተነሱ።

ሦስቱም ወጡ። ልኬት በሩን ሲከፍት የታፈነ፣ የእርጥብ ጆንያ ሽታ ወጣ። ከመስኮቱ በላይ፣ አዲሱ ነጭ ኖራ ላይ፣ የመዳፍ ያህል ጥቁር ነጥብ ጀምሯል። መምህርቷ በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን አሸተቱት። ልኬት የእቃ መጫኛ መኪና በልቡ መጥራት ጀመረ፤ መጀመሪያ የሚወጣው ጠረጴዛው ነው፣ እሱ በዚያ በር እንዴት እንደገባም አያስታውሰውም። ሚስቱ ሄዳ መስኮቱን ገፋችው። እንጨቱ አብጦ አልከፈት አላት፤ በትከሻዋ ስትለው ተበረገደ።

«ጋሽ ልኬት!» የሚል ድምፅ ከታች መጣ። «ልኬቱ ቀረ? እኛ እዚህ ልንከርም ነው?»

እናቶቹ ራሳቸው ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ፤ ልጆቹ ከፊት ቀድመው። ያ የእንጨት ደረጃ ከታደሰ ወዲህ እንዲያ ተረግጦ አያውቅም። ተንቋቋ፣ አቃሰተ፤ አንዱ ልጅ ገፈተረ፣ ሌላው ጮኸ፣ ሦስተኛው ሳቀ። መምህርቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ ቆመው ሰሙ። ክፍሉ እስኪሞላ አልዞሩም።

«እነዚህ ስንት ጊዜ ይመጣሉ?» አሉ በመጨረሻ።

«አንዴ ለልኬት፣ አንዴ ለሙከራ፣ አንዴ ለመውሰድ» አለ ልኬት። «ሲጠብባቸው ደግሞ ይመለሳሉ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ልኬት የሚለካው እዚህ ክፍል ነው። መስኮቱ ተከፍቶ።»

«መምህርት፣ ለአንድ ሱሪ ይኼን ሁሉ ዳገት ልንወጣ ነው?» አለች ወፈር ያለችው እናት፣ አሁንም ትንፋሿ ሳይመለስ።

«ትወጫለሽ። ለቀሚስም ትወጫለሽ።»

«መኪኖቹስ?» ጠየቀች የልኬት ሚስት።

«ምድር ቤት ይቅሩ፤ ወለሌን እንዳያንቀጠቅጡት።» መምህርቷ ጥላቸውን አነሱ። «እኔም እየመጣሁ ግድግዳውን አሸታለሁ። ያ ጥቁር ነገር በጣት ያህል እንኳ ከሰፋ፣ አጥብቄ ነው የምላችሁ፣ ትወጣላችሁ።»

መምህርቷ ወረዱ። ልኬት ምድር ቤት የወደቀበትን ሜትር አምጥቶ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ ከእጅጌዋ ስፒሎቹን እየነቀለች ነበር።

«ያቺን ሕፃን ጥራልኝ» አለችው። «ጠርዟን አልጨረስኩላትም።»

ባለፈው ልኬት ካፌው ገብቶ ሻይ ሲያዝ አስተናጋጁ አላስችል አለውና ወሬውን ከራሱ እስከ እግሩ ዘረገፈለት፤ አሥራ ዘጠኙን ልጆች፣ አራቱን ሴቶች፣ መኪኖቹን፣ የመምህርቷን መንከባለል፣ ሜዳ ላይ መጣሉን። ልኬት የአስተናጋጁን ትከሻ እያየ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«አንዱም እውነት አይደለም» አለ። «ልጅ የለኝም። ሚስቴ አንድ ናት። መኪኖቹ የስፌት ናቸው። ከቤቱ አልወጣሁም። መምህርቷም አልወደቁም፣ ደረጃው ላይ ተቀመጡ እንጂ።»